ፊልሙና መዝገቡ፤ የአሜሪካን ባህል በሲኒማ ስለ ማስተማር

በጠፈር ጉዞ ታሪክ ውስጥ በዓለም ዙሪያ እንደ ምሳሌያዊ አነጋገር የሚጠቀስ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር አለ፤ «ሂውስተን፣ ችግር አለብን» የሚለው። መኪናው መንገድ ላይ የቆመበት ሰው፣ የቤተ ሙከራው መብራት ድንገት የጠፋበት መምህር፣ የፈተናውን የመጀመሪያ ጥያቄ አንብቦ የደነገጠ ተማሪ ሁሉ ይህንኑ ይላል። የአሜሪካ የፊልም ኢንስቲትዩትም በ2005 ባወጣው የ100 ታላላቅ የፊልም ንግግሮች ዝርዝር ውስጥ 50ኛ ደረጃ ሰጥቶታል (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ነገር ግን በእውነተኛው የአፖሎ 13 ጉዞ ላይ ይህን ዓረፍተ ነገር በዚህ መልኩ የተናገረ ሰው የለም።

እውነተኛው ንግግር የተሰማው መንኮራኩሩ ከምድር ከተነሣ 55 ሰዓት ከ55 ደቂቃ ገደማ በኋላ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 1970 ነው። ከኦክስጅን ታንኮቹ አንዱ ሲፈነዳ መጀመሪያ ወደ ምድር ጣቢያው የተናገረው ጃክ ስዋይገርት ነበር፤ ከሂውስተን «ድገሙልን» ሲባሉ የጉዞው አዛዥ ጂም ላቭል ደገመው። ሁለቱም የተጠቀሙበት ግሥ የተፈጸመን ድርጊት የሚያመለክት ነው፤ ወደ አማርኛ ሲመለስ «ችግር አጋጥሞን ነበር» ወደሚለው ይቀርባል። በ1995 ሮን ሃዋርድ ያዘጋጀው «አፖሎ 13» የተባለው ፊልም ግን ግሡን ወደ አሁን ጊዜ ለወጠው፤ ንግግሩንም የአዛዡን ገጸ ባሕርይ ለሚጫወተው ለቶም ሃንክስ ሰጠው። ምክንያቱን ለመረዳት የቲያትር ሊቅ መሆን አያስፈልግም። «ነበር» የሚል ሰው አደጋው ያለፈለት ይመስላል፤ «አለብን» የሚል ግን ተመልካቹን ከወንበሩ ያስነሣዋል።

ናሳ የዚያን ጉዞ የሬዲዮ ልውውጥ በጽሑፍ አስገልብጦ በድረ ገጹ ለንባብ አብቅቶታል። ጽሑፉን የሚያነብ ሰው በመጀመሪያ የሚገርመው የንግግሩ ጸጥታ ነው። ሦስት ሰዎች ከምድር ከ300 ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ ርቀው በሕይወትና በሞት መካከል ሳሉ የሚነጋገሩት እንደ ንብረት ቆጣሪዎች ነው፤ የትኛው መለኪያ ስንት እንደሚያነብ፣ የትኛው ማብሪያ እንደ በራ፣ የትኛው እንደ ጠፋ። ፍርሃታቸውን ሳይሆን ያዩትን ይዘግባሉ። ይህ ራሱ ባህል ነው፤ ስለ አሜሪካ የምሕንድስና ዓለምም በፊልሙ ከምናየው ላብና ጩኸት የበለጠ ይነግረናል።

በዚያው ፊልም የበረራው ዋና ተቆጣጣሪ ጂን ክራንዝ «ውድቀት አማራጭ አይደለም» ሲል ይሰማል። ክራንዝ በጉዞው ወቅት ይህን አላለም። የፊልሙ ጸሐፊዎች ከሌላ የበረራ ባለሙያ ጋር ካደረጉት ጭውውት ጨምቀው ያወጡት አባባል ነው። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ክራንዝ አባባሉን ወደደው፤ በ2000 ያሳተመውን የሕይወት ታሪክ መጽሐፉንም በዚሁ ሰየመው። ሰውዬው ያልተናገረውን ፊልም በአፉ አኖረለት፤ እርሱም ተቀብሎ የራሱ አደረገው። ታዲያ ይህ አባባል የአሜሪካ ባህል ነው ወይስ የሆሊውድ ፈጠራ? በዚህ ጸሐፊ እምነት ሁለቱንም ነው። የአሜሪካን ባህል ለማስተማር ፊልም የሚያስፈልገውም፣ ፊልም ብቻውን የማይበቃውም በዚሁ ምክንያት ነው።

በትምህርት ቤቶችና በዩኒቨርሲቲዎች፣ በተለይም እንግሊዝኛ በሚሰጥባቸው ክፍሎች፣ የአሜሪካን ኑሮ ለማስተዋወቅ ፊልም የሚያሳዩ መምህራን ጥቂቶች አይደሉም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሆነውንም እናውቀዋለን። የሳምንቱ መጨረሻ ክፍለ ጊዜ ይደርሳል፤ መጋረጃው ይዘጋል፤ ፕሮጀክተሩ ይበራል፤ ሁለት ሰዓት ሙሉ ፊልም ይታያል፤ ከዚያም መምህሩ «እንዴት አያችሁት?» ብሎ ይጠይቃል፤ ተማሪውም «ጥሩ ነው» ብሎ ይወጣል። ይህ ዓይነቱ ትምህርት በየከተማው ከነበሩት ቪዲዮ ቤቶች የሚለየው የመግቢያ ስለማይከፈልበት ብቻ ነው። እንዲያውም በቪዲዮ ቤቱ የተመልካቹ ክርክር የበለጠ ይደምቅ ነበር።

በአንጻሩ ፊልም ውሸት ነውና ከክፍል ይውጣ የሚሉ አሉ። በዚህም አልስማማም። በ2009 ማርክ ብሪስቤርትና ቦሪስ ኒው የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች ከ8 ሺህ በላይ ከሆኑ የአሜሪካ ፊልሞችና የቴሌቪዥን ድራማዎች የግርጌ ጽሑፍ 51 ሚሊዮን ቃላት ሰብስበው እያንዳንዱ ቃል ስንት ጊዜ እንደሚደጋገም ቆጠሩ። ከዚያም ይህን ቆጠራ አንባቢዎች በኮምፒውተር ላይ የሚታያቸውን ቃል ለመለየት ከሚወስድባቸው የሰከንድ ክፍልፋይ ጋር አነጻጸሩት። ከፊልም የተገኘው ቆጠራ፣ ከታተሙ ጽሑፎች ተሰብስቦ ለብዙ ዓመታት ሲሠራበት ከቆየው ቆጠራ ይልቅ፣ የአንባቢዎቹን ፍጥነት በተሻለ ሁኔታ ተነበየ። የፊልም ንግግር ተጽፎ፣ ተጠንቶና ተለማምዶ የሚቀርብ ሰው ሠራሽ ነገር ቢሆንም ሰዎቹ በየዕለቱ ከሚኖሩበት ቋንቋ ጋር እጅግ ይቀራረባል ማለት ነው። እንዲህ ያለውን የማስተማሪያ መሣሪያ መጣል ብክነት ነው።

ጥያቄው እንግዲህ አጠቃቀሙ ላይ ነው። ለእኛ ለሳይንስ ሰዎች መልሱ አዲስ አይደለም። ፊልም ስለ አንድ ማኅበረሰብ የቀረበ መላ ምት ነው ብለን እንውሰደው። መላ ምት ደግሞ ይፈተናል እንጂ አይጨበጨብለትም። ከዛሬ ሠላሳ ዓመት በፊት መፈተኛው በእጃችን አልነበረም፤ የናሳን መዝገብ ለማየት ሂውስተን፣ የፍርድ ቤት ክርክር ለመስማት ዋሽንግተን መሄድ ያስፈልግ ነበር። አሁን ሁለቱም ኢንተርኔት ባለበት ክፍል ይገኛሉ።

ለሳይንስ ተማሪ ቅርብ የሆነ ምሳሌ እንውሰድ። በ2016 የወጣው «ሂድን ፊገርስ» የተባለው ፊልም በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሃምፕተን ከተማ በሚገኘው የላንግሊ የምርምር ማዕከል ውስጥ በአስሊነት የሠሩትን የሦስት ጥቁር አሜሪካውያን ሴቶች፣ የካትሪን ጆንሰንን፣ የዶሮቲ ቮንንና የሜሪ ጃክሰንን ታሪክ ይተርካል። ርእሱ ሰምና ወርቅ አለው። «ፊገርስ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል አኃዝንም ሰውንም ያመለክታልና የተሰወሩት ቁጥሮቹ ናቸው ወይስ ሴቶቹ የሚለው ለተመልካቹ ተትቷል።

በዚህ ፊልም ውስጥ ብዙ ሰው የማይረሳው ትዕይንት አለ። ካትሪን ጆንሰን የምትሠራበት ሕንፃ ለጥቁሮች የተመደበ መጸዳጃ ቤት ስለሌለው ወረቀቷን ታቅፋ፣ ዝናብ እየወረደባት፣ ወደ ሌላ ሕንፃ ትሮጣለች። በመጨረሻ ነገሩን የተረዳው ነጭ አለቃዋ አል ሃሪሰን ብረት ይዞ ይሄድና ምልክቱን በሠራተኞች ፊት ቀጥቅጦ ይጥለዋል። ተመልካቹ እንባው ይመጣል፤ ያጨበጭባል።

ወደ መዝገቡ ስንሄድ አል ሃሪሰን የሚባል አለቃ የለም፤ ከተለያዩ ኃላፊዎች ተቀላቅሎ የተፈጠረ ገጸ ባሕርይ ነው። ምልክቱን የቀጠቀጠ ሰውም አልነበረም። ካትሪን ጆንሰን ራሷ እንደ ተናገረችው የነጮቹን መጸዳጃ ቤት ለዓመታት ስትጠቀም ኖራለች። ፊልሙ ታሪኩን በ1961 ያደርገዋል፤ ነገር ግን ጥቁር አስሊዎች ለብቻቸው የሚሠሩበት ክፍል የፈረሰው ቀደም ሲል ናካ ይባል የነበረው መሥሪያ ቤት ወደ ናሳ በተለወጠበት በ1958 ነው። ዶሮቲ ቮን በፊልሙ የኃላፊነት ማዕረግ በ1961 ስትጠይቅ እናያታለን፤ በእውነቱ ክፍሉን መምራት የጀመረችው በ1949 ነበር። ሜሪ ጃክሰንም በ1958 መሐንዲስ ሆናለች።

የቀን ስሕተት መልቀም ግን የዚህ ትምህርት ዓላማ አይደለም። ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረው በመዝገቡ ውስጥ ኖሮ በፊልሙ ውስጥ የሌለው ነው። በ1940ዎቹ በማዕከሉ የምግብ አዳራሽ ጥቁር አስሊዎች በሚቀመጡበት ጠረጴዛ ላይ ቦታው የእነርሱ ብቻ መሆኑን የሚገልጽ ጽሑፍ ይቀመጥ ነበር። ከአስሊዎቹ አንዷ የነበረችው ሚርያም ማን ጽሑፉን አንሥታ ቦርሳዋ ውስጥ ትከተዋለች። ሌላ ይተካል፤ እርሷም ታነሣዋለች። እንደገና ይተካል፤ እንደገና ታነሣዋለች። በመጨረሻ የሰለቸው ጽሑፉን የሚያስቀምጠው ወገን ሆነ። ይህን ታሪክ ማርጎት ሊ ሼተርሊ መዝግባዋለች፤ የመዘገበችውም ፊልሙ በተመሠረተበት በዚያው መጽሐፏ ነው።

የፊልሙ ሠሪዎች እውነተኛው ታሪክ በእጃቸው ነበር ማለት ነው። ታዲያ ዓመታት የፈጀውን የአንዲት ጥቁር ሴት ዝምተኛ ትግል ትተው ያልነበረን ነጭ አለቃ ከነብረቱ ለምን ፈጠሩ? ተማሪ ይህን ጥያቄ ያነሣ እንደሆነ የአሜሪካን ባህል ማጥናት ጀምሯል። እኔ የምሰጠው መልስ ይህ ነው። በአሜሪካ ተወዳጅ የሆነው ተረክ በደል በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ቆራጥ ሰው እጅ ሲታረም ማየት ይወዳል። የመሥሪያ ቤት ትእዛዝ፣ የኮሚቴ ውሳኔ፣ በየቀኑ የሚደጋገም ትዕግሥት ለካሜራ አይመቹም። በዚያ ላይ ቲኬት የሚገዛው ሰው በታሪኩ ውስጥ ራሱን የሚያይበት ደግ ሰው ይፈልጋል። ሌላ መምህር ሌላ መልስ ሊሰጥ ይችላል፤ ክርክሩ ይቀጥል። ፊልሙን ከመዝገቡ ጋር ያላመሳከረ ክፍል ግን ጥያቄው መኖሩንም አያውቅም። ተማሪው ይዞት የሚወጣው በአሜሪካ የዘር ልዩነት ያበቃው አንድ ደግ አለቃ ስለ ተቆጣ ነው የሚል እምነት ይሆናል።

ፊልሙን መናቅም አይገባም። የሦስቱን ሴቶች ስም በዓለም ያዳረሰው መዝገቡ ሳይሆን ፊልሙ ነው። በ2019 በዋሽንግተን የናሳ ዋና መሥሪያ ቤት ያለበት ጎዳና በፊልሙና በመጽሐፉ ስም ተጠራ፤ በ2020 ደግሞ ሕንፃው በሜሪ ጃክሰን ስም እንዲሰየም ተወሰነ። ፊልም የማኅበረሰቡን መዝገብ መልሶ ሲጽፍ የሚታይበት ምሳሌ ነው።

ለሒሳብና ለፊዚክስ ተማሪዎች ደግሞ በዚሁ ርእስ ሌላ ሀብት አለ። ካትሪን ጆንሰን ከቴድ ስኮፒንስኪ ጋር በ1960 ያወጣችው፣ አንድ ሳተላይት በተመረጠ የምድር ነጥብ ላይ እንዲያልፍ የማስወንጨፊያውን አቅጣጫ ስለ ማስላት የሚናገረው የምርምር ጽሑፍ በናሳ የቴክኒክ ጽሑፎች ድረ ገጽ በነፃ ይገኛል። የሉል ትሪጎኖሜትሪን የሚያውቅ ተማሪ ቀመሮቹን መከታተል ይችላል። በፊልሙ ውስጥ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጠመኔ ሲንጫጫ ብቻ ያየነው ሥራ ምን እንደ ነበረ የሚያውቀው ያን ጊዜ ነው። ጆን ግሌን ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1962 ምድርን ሦስት ጊዜ ከመዞሩ በፊት የኮምፒውተሩን ውጤት እርሷ በእጅ እንድታረጋግጥለት መጠየቁ እውነት ነው። ፊልሙ ግን ይህን ሰውየው ወደ መንኮራኩሩ ሊገባ ሲል፣ በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች የሆነ ያስመስለዋል፤ ስሌቱ በዴስክ ላይ የሒሳብ መኪና ከአንድ ቀን በላይ የፈጀ ሥራ ነበር።

ከዚህ የቀለለ የሚመስል፣ ወደ እኛ ቤት ሲገባ ግን የሚከብድ ምሳሌ ልጨምር። በ1990 የወጣውን «ሆም አሎን» የተባለ አስቂኝ ፊልም ያላየ ተማሪ ጥቂት ነው። ትልቅ ባለ ፎቅ ቤት፣ ሰፊ ደረጃ፣ ሙሉ ማቀዝቀዣ፣ ለገና በዓል በአውሮፕላን ተሳፍሮ ወደ ፓሪስ የሚሄድ ቤተሰብ። ፊልሙ ይህ ቤተሰብ ባለጸጋ ነው ብሎ አይነግረንም፤ የትኛውም የአሜሪካ ቤተሰብ እንዲህ የሚኖር ይመስል ነገሩን ዝም ብሎ ያልፈዋል። ቤቱ ግን በእውን ያለ ነው። የሚገኘው ከቺካጎ በስተሰሜን፣ ዊኔትካ በምትባል የሀብታሞች መንደር ሲሆን በ2012 ሲሸጥ 1,585,000 ዶላር አውጥቷል። በዚያው ዓመት የአሜሪካ የሕዝብ ቆጠራ ቢሮ እንዳስታወቀው የአንድ ቤተሰብ ሜዲያን ገቢ፣ ማለትም ቤተሰቦች ሁሉ ከድሀ እስከ ሀብታም ቢሰለፉ መሐል ላይ የሚቆመው ቤተሰብ ገቢ፣ በዓመት 51,017 ዶላር ነበር። አንዱን ለሌላው ብናካፍል መካከለኛው ቤተሰብ ያን ቤት ለመግዛት ሳይበላ፣ ሳይለብስና ግብር ሳይከፍል 31 ዓመት መሥራት ነበረበት።

ይህ ስሌት ለምን ይከብዳል? በአሜሪካ ዘመድ ያለው ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው። በቨርጂኒያ፣ በሜሪላንድና በዋሽንግተን አካባቢ ታክሲ የሚነዳ፣ በመኪና ማቆሚያ፣ በአውሮፕላን ማረፊያ ወይም በአረጋውያን መጦሪያ በሁለት ፈረቃ የሚሠራ ወንድምና እኅት አለን። እዚህ ያለው ቤተሰብ የዘመዱን ኑሮ የሚለካው በፊልሙ ቤት ነው። ገንዘቡ ሲዘገይ «ጨከነብን» ይባላል፤ ስልክ መደወል ይቀራል፤ ወንድማማች ይቀያየማል። የሰሜን ቨርጂኒያዋን የፌርፋክስ ካውንቲን ቁጥሮች በቆጠራ ቢሮው ድረ ገጽ ያየ ተማሪ ሌላ ነገር ይረዳል። ካውንቲው ከአገሪቱ ባለጸጋ ካውንቲዎች አንዱ ነው፤ የአካባቢው ሜዲያን ገቢ ከፍ ማለት በዝቅተኛ ደመወዝ ለሚሠራው ዘመዳችን የቤት ኪራይ ከፍ ማለት እንጂ የእርሱ መበልጸግ አይደለም። ሜዲያንን በስታቲስቲክስ ክፍል ስንማር ይህን የሚመስል ምሳሌ ተሰጥቶን ቢሆን ኖሮ ስንት ቤት ይታረቅ ነበር!

ፊልም ከሚናገረው በተጨማሪ ዝም የሚለውም አለ፤ ዝምታውን መስማት ከንግግሩ ይልቅ ያስቸግራል። ከ1934 እስከ 1968 የሆሊውድ ኩባንያዎች ራሳቸው በተስማሙበት ጥብቅ ደንብ ይገዙ ነበር፤ ደንቡ ለረጅም ጊዜ በጥቁርና በነጭ መካከል ያለን ፍቅር ማሳየትን ይከለክል ነበር። የእነዚያን ዓመታት ፊልሞች ብቻ ያየ ተማሪ እንዲህ ያለ ፍቅር በአሜሪካ አልነበረም ብሎ ቢደመድም አይፈረድበትም። ነገር ግን በ1958 ነጭ ባልና ጥቁር ሚስት በዋሽንግተን ተጋብተው ወደ ቨርጂኒያ በመመለሳቸው ታስረዋል። ጉዳያቸው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ጁን 12 ቀን 1967 እንዲህ ያለውን ጋብቻ የሚከለክሉት የ16 ግዛቶች ሕጎች ሁሉ ተሻሩ። በዚያው ዓመት ዲሴምበር ሲድኒ ፖይቲየር የተጫወተበት፣ አንዲት ነጭ ወጣት ጥቁር እጮኛዋን ለወላጆቿ የምታስተዋውቅበት ታዋቂ ፊልም ወጣ። እጮኛው በዓለም የታወቀ ሐኪም፣ በጠባዩ እንከን የማይወጣለት ሰው ነው። የእውነተኛው ታሪክ ባል ግን ግንበኛ ነበር። የችሎቱን ክርክር ድምፅ «ኦዬዝ» ከተባለው የጠቅላይ ፍርድ ቤት ድምፆች ድረ ገጽ አውርዶ ከፊልሙ አንድ ትዕይንት ጋር ማሰማት በአንድ ክፍለ ጊዜ የሚያልቅ ትምህርት ነው። የግንበኛው ፍቅር በፍርድ ቤት ሲፈቀድ በሲኒማ የተፈቀደው የሐኪሙ ብቻ የሆነው ለምንድን ነው?

ስለ ግድያና ስለ ጠመንጃ ብዙ መናገር አያስፈልግም። የፔንሲልቬንያ ዩኒቨርሲቲው ጆርጅ ገርብነር ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ባካሄደው ጥናት ቴሌቪዥን አብዝተው የሚያዩ ሰዎች ዓለም ከእውነታው ይልቅ አደገኛ እንደሆነች የመገመት ዝንባሌ እንዳላቸው ተከራክሯል። በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ዝምድናው አነስተኛ መሆኑንና መንስኤውን ከውጤቱ መለየት አስቸጋሪ መሆኑን አሳይተዋል። እነዚያ ተመልካቾች አሜሪካውያን መሆናቸውን ልብ እንበል፤ ከፊልሙ በኋላ በር ከፍተው ጎረቤታቸውን ያያሉ። እኛ በሩን ስንከፍት የምናየው የራሳችንን ሰፈር ነው።

ይህ ሁሉ በጎ ነው፣ ኢንተርኔቱ ግን የት አለ የሚል አንባቢ አይጠፋም። ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ሆኖም የሚያስፈልገን መዝገብ በአብዛኛው ጽሑፍ እንጂ ምስል አይደለም። አንድ ፊልም አንድ ጊጋ ባይት ገደማ ሊይዝ ይችላል፤ የግርጌ ጽሑፉ ግን 100 ኪሎ ባይት ገደማ ነው፤ ልዩነቱ አሥር ሺህ እጥፍ ነው። አንድ መምህር የአፖሎ 13ን ግልባጭ ጥቂት ገጾች አንድ ጊዜ አውርዶ ቢያትም ለዓመታት ያስተምርበታል። ማርክ ዴቪስ የተባለው የቋንቋ ምሁር ያዘጋጀው፣ ከ1930 ጀምሮ ከተሠሩ 25 ሺህ ያህል ፊልሞች የተሰበሰበ 200 ሚሊዮን ቃላት ያለው ክምችትም በጽሑፍ የሚፈለግ ነው። በእርሱ አንድ የአነጋገር ዘይቤ መቼ ወደ ፊልም እንደገባና መቼ እንደደበዘዘ መመልከት ይቻላል።

አሁን በየስልኩ ስለገቡት ጥያቄ መላሽ ማሽኖች አንድ ማስጠንቀቂያ መስጠት ተገቢ ነው። ተማሪው «አሜሪካውያን እንዴት ይኖራሉ?» ብሎ ቢጠይቃቸው የተስተካከለ መልስ ይሰጡታል። ነገር ግን ለእንዲህ ያሉ ማሽኖች ማሠልጠኛ ይሆን ዘንድ በ2020 ከወጡት ታላላቅ የጽሑፍ ክምችቶች አንዱ የፊልም የግርጌ ጽሑፎችን ጭምር ያካተተ ነበር። ማሽኑም ፊልም አይቷል ማለት ነው። ስለዚህ ፊልምን በማሽን ማረጋገጥ አንዱን ምስክር በወንድሙ ምስክርነት እንደ ማጽናት ሊሆን ይችላል። ማሽኑ መዝገቡ የት እንደሚገኝ ቢጠቁም መልካም ነው፤ መዝገቡን መክፈት ግን የተማሪው ሥራ ነው።

የቅጂ መብት የሚያሳስበው መምህር ወደ አሜሪካ የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ድረ ገጽ ሊሄድ ይችላል፤ በነፃ የሚታዩ የቆዩ ፊልሞች አሉት። ከቀዝቃዛው ጦርነት መጀመሪያ ዓመታት የቀረው፣ ሕፃናት አቶሚክ ቦምብ ሲወድቅ ዴስክ ሥር እንዲደበቁ የሚያስተምረው አጭር ፊልምም በኢንተርኔት ይገኛል። እርሱን የፊዚክስ ተማሪዎች ቢያዩት ደስ ይለኛል። የሙቀቱን፣ የግፊቱንና የጨረሩን መጠን በየርቀቱ አስልተው ዴስኩ የት ድረስ እንደሚጠቅምና ከየት ወዲህ ከንቱ እንደሚሆን ይወስኑ፤ ከዚያ አንድ መንግሥት ይህን ለልጆች ማስተማር ለምን እንዳስፈለገው ይከራከሩ።

ለመጀመር ከባድ ዝግጅት አያስፈልግም። ሃምሳ ደቂቃ ባለው ክፍለ ጊዜ አምስቱ ደቂቃ ለአንድ ትዕይንት ይበቃል። ከዚያ በፊት ተማሪው ስለ ጉዳዩ የሚያስበውን በወረቀት ያስፍር፤ ቁጥር ካለው ቁጥሩን ይገምት። ከትዕይንቱ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል መዝገቡን ያንብብ። የቀረው ጊዜ ለአንድ ጥያቄ ብቻ ይዋል፤ ፊልሙ ይህን ለምን ለወጠው? የእንግሊዝኛ መምህሩ ግሡን፣ የሒሳብ መምህሩ ቁጥሩን ይዞ በአንድ ክፍል ቢገኙ ደግሞ ይመረጣል። የፊልሙን ቀሪ አንድ ሰዓት ከሃምሳ አምስት ደቂቃ ተማሪው በራሱ ጊዜ ይየው፤ ለዚያ የመምህር እርዳታ ፈልጎ አያውቅም።